የሥነ ልቦና ሥልጠናው ጥሩ ነው፤ መግባት የነበረባቸው ግን አልገቡም

ጅማ ላይ ለአሠልጣኞችና ለቡድን መሪዎች የተሰጠውን፣ በስፖርት ድርጅት ውስጥ ስለሚፈጠር ጫና የሚያወራውን የሁለት ቀን የስፖርት ሥነ ልቦና ሥልጠና ወስጃለሁ። "እንዴት ነው? ገንዘብ ይወጣበታል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ባጭሩ የመጀመሪያው ቀን ቢያመልጣችሁ ብዙ አይቆጫችሁም። የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከከፈልነው 2,000 ብር በላይ ነው። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ማስታወቂያቸው ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ተለጥፎ ስለነበር ያየ ያውቃቸዋል።

ቅዳሜ የተሰጠን የለመድነው ነገር ነው። አተነፋፈስ፣ ጨዋታውን በሃሳብ አስቀድሞ መጫወት፣ ራስን በበጎ ማናገር፣ ከውድድር በፊት የማይቀየር ልማድ መያዝ። መጥፎ ነው አልልም። መምህሩ ትሑት ናቸው፣ ሙያውንም ያውቁታል። በተለይ ስለ መለያ ምት ያነሱት ጥሩ ነበር። ጌየር ዮርዴት የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ የትልልቅ ውድድሮችን መለያ ምቶች በቪዲዮ እየተመለከተ ሲያጠና፣ ዳኛው ፊሽካ እንደነፋ ተጣድፈው የሚመቱት አብዝተው እንደሚስቱ አይቷል። ይህን ሰኞ ልምምድ ላይ መሞከር ትችላላችሁ። ኳስና ፊሽካ ካለ በቂ ነው። የቀረው ግን ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይገኛል።

ሌላው ችግር ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሩ ደግሞ አማርኛ። ከአጋሮና ከሊሙ የመጡ፣ አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው አሠልጣኞች ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ለጎረቤቱ ሲያስተረጉም ዋለ፣ ለራሱ አንድ መስመር ሳይጽፍ። ሥልጠና ይዞ ጅማ ድረስ የመጣ ሰው በአፋን ኦሮሞ ሁለት ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ያቅተዋል?

ዝግጅቱማ አይነሳ። ጠዋት 2:30 ተብለን 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ። የተባለው አዳራሽ ለሠርግ ተሰጥቶ ኖሮ፣ ወንበር ተሸክመን ወደ ሌላ ተዛወርን። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር። የክብር እንግዳው ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ መብላቱን አንስተው አስጨበጨቡን። ማጨብጨብ ይገባል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን ፎቶ ተነስተው ሲወጡ የክለብ ሥራ አስኪያጆቹም አብረው ወጡ፣ ከሻይ በፊት የፊት ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። አበል ይኑረው አይኑረው እስከ እሁድ የሚነግረን ጠፋ። ለሻይ ሰዓት ደግሞ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ቡና አቀረቡልን። ጅማ እኮ ነው! ሰርተፊኬቱ ላይ የብዙ ሰው ስም ተሳስቶ መጣ። የሥልጠናው ርዕስ በስፖርት ድርጅት ውስጥ የሚፈጠር ጫና መሆኑን ስታስቡት ነው ነገሩ የሚያስቀው። አንዱ አሠልጣኝ ወንበር ተሸክሞ "የተግባር ልምምዱ ተጀመረ እንዴ?" ሲል ሁላችንም ሳቅን።

እሁድ ከሰዓት ሁለተኛዋ መምህርት ገባች። ወጣት ናት፣ ማይክም አልፈለገችም። ለእያንዳንዳችን ብጣሽ ወረቀት አደለችና "ባለፈው የውድድር ዓመት ተጫዋቾቻችሁን ከአቋማቸው ያወረደ አንድ ነገር ጻፉ፣ ስም እንዳትጽፉ" አለችን። ሰብስባ እያነበበች ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ከፈለቻቸው። በአንድ በኩል ከጨዋታው ከራሱ የሚመጣ፦ ከባድ ተጋጣሚ፣ የደጋፊ ጩኸት፣ የዳኛ ውሳኔ፣ የመውረድ ስጋት። በሌላ በኩል ከራሳችን ቤት የሚመጣ፤ ድርጅታዊ ጫና የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ክምር ቀጭን ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው እየተንሸራተተ መሬት ይወድቅ ነበር።

ምን ምን እንደነበረበት ልንገራችሁ። ደሞዝ መቼ እንደሚገባ አለመታወቁ። የሜዳው ቁልፍ ያለው ሰውዬ ስልኩን አጥፍቶ ቡድኑ በር ላይ መቆሙ። አሰላለፍን ከአሠልጣኙ ሳይሆን ከፌስቡክ መስማት። ሌሊቱን መኪና ላይ አድሮ ጠዋት መጫወት። የፊርማ ገንዘብ ለእገሌ ተከፍሎ ለእገሌ ሳይከፈል መቅረቱ። ወጌሻ አለመኖሩ። ውል ይታደስ አይታደስ እስከ መጨረሻው ሳምንት አለማወቅ። አንዱ ደግሞ "ልባረር እንደሆነ ስለሚወራ ልጆቹ እኔን መስማት ትተዋል" ብሎ ጽፏል። ይህ ሲነበብ የሳቀ አልነበረም። አሠልጣኙም ሰው ነው፣ እሱን የሚያዋክበው ነገር ዞሮ ዞሮ ልጆቹ ላይ ያርፋል።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቲም ዉድማንና ሉ ሃርዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብሪታንያ ውስጥ ገና በ2001 (የጥናቶቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ትልልቅ አትሌቶችን አነጋግረው ስለ ምርጫ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አሠልጣኝ ያነሱትን ጫና ጽፈዋል። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሱ ስፖርተኞች ከውድድሩ ይልቅ በድርጅታቸው ዙሪያ ያለውን ጫና አብዝተው ነው የጠቀሱት። ሬቸል አርኖልድና ዴቪድ ፍሌቸር በ2012፣ 34 ጥናቶችን ሰብስበው 640 ድርጅታዊ የጫና ምንጮችን ለቀሙ። እነዚያን በ31 ንዑስ ክፍል፣ ከዚያም በአራት ትልልቅ ክፍል አደራጇቸው፦ አመራርና ባለሙያ፣ የቡድን ባህል፣ የጉዞና የአካባቢ ሁኔታ፣ የውጤትና የግል ጉዳይ። 640! እኛ ደግሞ "ልጁ ጭንቅላቱ ደካማ ነው" ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

ይህኛው ጫና ለምን ይበልጥ እንደሚከብድም በደንብ ያስረዳችው የእሁዷ መምህርት ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎልክማን በ1984 ባቀረቡት ሃሳብ፣ ሰው አንድ ነገር ሲገጥመው በውስጡ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ይሄ ነገር ይጎዳኛል ወይ? ቀጥሎ፣ ምን ላደርገው እችላለሁ? ፈጣን አጥቂ የመጣበት ተከላካይ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አለው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ ወደ መስመር ይገፋዋል። ደሞዝ የዘገየበት የ21 ዓመት ልጅ ግን ምን ያደርጋል? ትንፋሹን ቢቆጥር የቤት ኪራይ አይከፈልለትም። የቅዳሜውና የእሁዱ ትምህርት የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱ መምህራን ግን አንድ ላይ ተቀምጠው አልተነጋገሩበትም።

ለምሳሌ ቅዳሜ መምህሩ የታምራት ቶላን ታሪክ አንስተው ነበር። ፓሪስ 2024፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ከተጠባባቂነት ተጠርቶ ገባ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ማን የማይኮራ አለ! ግን "የአእምሮ ጥንካሬ ማለት ይሄ ነው" ተብሎ ሲታለፍ ደስ አላለኝም። ተጠባባቂ የተባለው ሰው እኮ የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ ኒው ዮርክንም በ2023 አሸንፏል። ስንት ዓመት የተሠራ አቅም ነው። ይህን ታሪክ አለቆች ሲሰሙት ይመቻቸዋል፤ ቻለው፣ እናንተም ቻሉት ይላሉ። ለ17 ዓመት ልጅ ጫማ ሳይሰጡ "እንደ ታምራት ሁን" ማለት ነውር ነው።

እሁድ የቀረበው ጥናት ይህን ያስተካክለው ነበር። ፍሌቸርና ሙስታፋ ሳርካር በ2012፣ 12 የኦሊምፒክ ሻምፒዮኖችን አነጋግረው፣ ጫናን ያስቻላቸው ምን እንደሆነ ጽፈዋል። በጎ ስብዕና፣ ተነሳሽነት፣ በራስ መተማመን፣ ትኩረት፣ አምስተኛው ደግሞ ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ ማመን። እንበልና አራቱን ለልጁ ተውለት። አምስተኛው የቢሮው ሥራ ነው።

የተሰጠው ምክር ቀላል ነው፣ ቀላልነቱን ወደድኩት። ደሞዝ የሚዘገይ ከሆነ ዝም አትበሉ፣ ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩ። ከቡድኑ የሚቀነስ ልጅ ዝርዝሩ ሳይለጠፍ በፊት፣ ከአንድ ሰው አፍ፣ ፊት ለፊት ይስማ። የጉዞ ሰዓት ተጽፎ ይሰጥ። ቅሬታ የሚቀበል አንድ ሰው ይታወቅ። የትኛውም በጀት አይጠይቅም።

የጎደለም አለ። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ጅማም በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም አስተናግዳለች። በቴሌቪዥን ማየቱ ጥሩ ነው። ተጫዋቹ ግን ለሳምንታት ከልጆቹ ርቆ ሆቴል ውስጥ ነው፣ በሜዳው በራሱ ደጋፊ ፊት መጫወትም ለብዙው ቡድን ቀረ። የዚህ አገር ትልቁ የድርጅታዊ ጫና ምሳሌ ከፊታችን እያለ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ምሳሌው ሁሉ የአውሮፓ ነው። ደግሞ ልጁ ከጭንቀት አልፎ ቢታመምስ? እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው የት እንላከው? ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችም የስፖርት ሳይንስ መምህራንም አሉት፣ በእግር የሚደረስ ቦታ። አንድ ሰው አልተጋበዘም። ክትትል ይደረጋል ተብሎ የተከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አሁን ያለው የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ነው።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት በዝግጅቱና ለእኛ ብቻ በመሰጠቱ ነው። ቁልፉ፣ ደሞዙ፣ መኪናው እኔ እጅ የለም። ክለብ የምታስተዳድሩ ከሆነ ጸሐፊያችሁን አትላኩ፣ ራሳችሁ ግቡና እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ዙር የመግባት ሃሳብ ያላችሁ አሠልጣኞች ደግሞ እሁድን ብቻ እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ። እኛ ጋር እንዲህ የገቡ ነበሩ፣ ግማሹን ነው የከፈሉት።