ሮማን በሦስት ቀን፦ የ72 ሰዓቱ «ሮማ ፓስ» ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. በ2025 በመጋቢት ወር ሮማ ውስጥ ለቆየሁባቸው ሦስት ቀናት ሮማ ፓስ የተባለውን የጎብኚዎች ካርድ፣ የ72 ሰዓቱን፣ በ58.50 ዩሮ ገዝቼ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ተጠቅሜበታለሁ። ካርዱ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። የ48 ሰዓቱ መጀመሪያ ወደሚጎበኙት አንድ ሙዚየም ወይም የጥንት ቅርስ ሥፍራ፣ የ72 ሰዓቱ ደግሞ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሥፍራዎች በነጻ የሚያስገቡ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በሚጎበኙት ላይ ቅናሽ ያስገኛሉ፤ ሁለቱም በከተማው አውቶቡስ፣ ትራምና ሜትሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳፍራሉ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ካርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል ስለሆነ ቀደም ብሎ ገዝቶ ማስቀመጥ ጉዳት የለውም።

ብዙ ሰው ይህን ካርድ የሚገዛው ገንዘብ ይቆጥብልኛል ብሎ ነው፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳወርደው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነበር፤ የሜትሮም ሆነ የአውቶቡስ የአንድ ጉዞ ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን፣ በቀን አራት ጊዜ የሚሳፈር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ 18 ዩሮ ያወጣል። ከካርዱ ዋጋ ላይ ይህ 36 ዩሮ ሲነሣ 22.50 ዩሮ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ ሁለተኛው ነጻ መግቢያና ከዚያ በኋላ የሚገኙት ቅናሾች መሸፈን አለባቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት የማያንሱ ትልልቅ ሥፍራዎችን የሚጎበኝ ሰው ካልሆነ በስተቀር ትርፉ ቢኖር እንኳ ጥቂት ነው፤ በእግሩ መሄድ የሚወድ ሰው እንዲያውም ይከስራል። ታሪካዊው የሮማ መሐል ከተማ ጠባብ ነው፤ ከስፔን ደረጃዎች ተነሥቶ በትሬቪ ፏፏቴና በጥንቱ ቤተ መቅደስ በፓንቴዮን በኩል እስከ ናቮና አደባባይ ያለው መንገድ ሁሉ በእግር የሚያልቅ ነው።

ከዋጋው ይልቅ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ካርዱ ቀጠሮን የማይተካ መሆኑ ነው። ኮሎሲየምን በሮማ ፓስ ለማየት የሚፈልግ ሰው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታው ነው፤ በየሰዓቱ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ካርዱን በኪሱ ይዞ በር ላይ የቆመ ሁሉ አይገባም። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ የኮሎሲየም ትኬት በስም የሚቆረጥ በመሆኑ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ አውሮፕላኑና ማረፊያው እንደ ተያዙ ወዲያውኑ የኮሎሲየምን ሰዓት መያዝ፣ የቀረውንም የጉዞ ዕቅድ በዚያ ሰዓት ዙሪያ ማደራጀት ነው። የቦርጌዜ ቤተ ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ጎብኚው በቀጠሮ ገብቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። ሁለት ሰዓት ያንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቀራጺው በርኒኒ ከእብነ በረድ በጠረባት፣ ጣቶቿ ወደ ቅጠል በሚለወጡት በተረቷ ልጃገረድ በዳፍኔ ፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ እንኳ ጊዜው ተርፎኛል፤ አዳራሹ በሰው ስለማይጨናነቅ ዓይን ያርፋል።

የእኔ ስሕተት የተፈጸመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዝናብ ሲጥል መጠለያ ፍለጋ ካገኘሁት አንድ ትንሽ ሙዚየም ገባሁና ሳላስብ ካርዱን አሳየሁ። ካርዱ በነጻ የሚያስገባው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥፍራዎች ነው እንጂ ጎብኚው የመረጣቸውን ሁለት አይደለምና፣ ከሁለቱ ዕድሎቼ አንዱን መግቢያው ርካሽ በሆነ ቦታ ላይ አጠፋሁት። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ደንቡ በግልጽ ተጽፏል። መግቢያቸው ውድ የሆኑትን ማስቀደም ይገባል፤ በተለይ ኮሎሲየም ከጥንቱ አደባባይ ከሮማ ፎረምና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር እንደ አንድ ሥፍራ ስለሚቆጠር በአንድ ነጻ መግቢያ ሦስቱንም ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ80 አካባቢ የተመረቀውና ወደ 50,000 የሚጠጋ ተመልካች ይይዝ እንደ ነበር የሚገመተው ኮሎሲየም ዝናው ቢገንም፣ የእኔ ልብ ያደረው ፓላቲን ላይ ነው፤ ጥድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፎረሙን ከላይ ወደ ታች ማየት የሚቻለው ከዚያ ነው።

ካርዱ የማይሸፍናቸውን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ይቆጣል። የቫቲካን ሙዚየሞችና የሲስቲን ጸሎት ቤት የሌላ መንግሥት ንብረት ስለሆኑ በሮማ ፓስ አይገባባቸውም፤ ትኬታቸው ለብቻው ይገዛል። እሑድ ዝግ ናቸው፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታሉ፤ ያን ዕለት ግን ሰልፉ የቫቲካንን ግንብ ተከትሎ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነጻ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ሊቀ ጳጳሱ ሕዝብ በሚቀበሉበት ጊዜ ግን ጎብኚ ስለማያስገባ ዕቅዱን ወደ ከሰዓት በኋላ መግፋት ይበጃል። የመንግሥት ሙዚየሞች ደግሞ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነጻ ናቸው፤ ያ ቀን ካርዱ ከሚሠራባቸው ሦስት ቀናት በአንዱ ላይ ከዋለ የተከፈለበት ገንዘብ በከንቱ ይሄዳል። ሰኞ ብዙ በር ስለሚዘጋ የካፒቶሊን ሙዚየሞችን ለዚያ ቀን ማቆየት ብልህነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1471 ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ለከተማው ሕዝብ ከሰጧቸው የነሐስ ሐውልቶች የተነሡት እነዚህ ሙዚየሞች ሰኞም ክፍት ናቸው።

በነጻ የሚታየውም ካርዱ ከሚያስገባባቸው አያንስም። ሠዓሊው ካራቫጆ የቅዱስ ማቴዎስን ታሪክ የሣለባቸው ሦስት ሥዕሎች በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚኬላንጄሎ የሙሴ ሐውልት ደግሞ ከኮሎሲየም ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው በሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ ያለ ክፍያ ይታያሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እኩለ ቀን አልፎ ስለሚዘጉ ብቻ ጠዋት መሄድ ይሻላል። ፓንቴዮን ግን ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ጀምሮ ያስከፍላል፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ 5 ዩሮ ነበር። የመጠጥ ውሃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ጥግ ሳያቋርጡ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ውሃ ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው።

ካርዱን ከምንም በላይ የወደድኩለት በመጓጓዣው ነው። «A» እና «B» የሚባሉት ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች በቴርሚኒ ጣቢያ ይገናኛሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ቫቲካን አቅራቢያ፣ ሁለተኛው ወደ ኮሎሲየም ያደርሳል። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ የሚገባው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር ግን በካርዱ ስለማያሳፍር ለእርሱ 14 ዩሮ ለብቻው ይከፈላል። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂዎች የታወቀ ስለሆነ ቦርሳን ከፊት መያዝ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ከጣቢያው ፊት ለፊት የተንጣለለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው፤ አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ሠራዊት የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ስንቱ ይህን እንደሚያውቅ እንጃ።

በእኔ ሚዛን ካርዱ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ያገኛል። ኮሎሲየምን አስቀድሞ ላስያዘ፣ ሁለተኛውንም ውድ ሥፍራ ለመረጠ፣ ማረፊያውም ከመሐል ከተማ ራቅ ላለ ሰው እንዲገዛው እመክራለሁ። ናቮና አጠገብ ለሚያድርና ዋና ሐሳቡ ቫቲካን ለሆነ ሰው ግን አይጠቅምም፤ እርሱ በሜትሮው መግቢያ ላይ የባንክ ካርዱን እያስነካ ቢከፍል ይበቃዋል።

የእኔ ካርድ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው በሜትሮ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ወረድኩ። ከጣቢያው ወጣ ሲሉ በሚያገኙት በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሚገኝበት ሕንጻ ፊት፣ የአክሱም ሐውልት ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ ቆሞ ነበር፤ በ2005 ወደ አክሱም ተመልሷል። አሁን በአደባባዩ ላይ የእ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት ሰለባዎችን ለማሰብ የተተከሉ ሁለት የጥንት ዓምዶች ይታያሉ፤ ሐውልቱ ራሱ ግን የለም። የሌለ ነገር ለማየት ብዬ ትኬት እገዛ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ፤ ካርዱ በእጄ ስለነበረ ግን ሄጄ፣ ባዶውን ቦታ አይቼ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።