ባህርዳር ውሻ ያላችሁ፣ ይሄን “ማስተዊያ ዱቄት” እንዳትገዙ

ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞር ነገር አለ፣ ውሻችሁ ውጪ ሲወጣ ሰገራ ምናምን ከበላ በ2 ሳምንት ከነጋራንቲው እናስተወዋለን የሚል፣ ዱቄትና የአፍ መሸፈኛ አንድ ላይ አርገው “ሙሉ ፓኬጅ” ብለው 3,800 ብር ይሸጡታል። ስማቸውን አልጠራም። ሽምብጥ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ገዝተውት ዱቄቱን አይቼዋለሁ፣ ሻጩንም ደውዬ አናግሬዋለሁ፣ ከዛ በኋላ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይሄን የምጽፈው።

እስቲ አስቡት፣ ዱቄቱ የሚሰጠው ለማነው? ለራሳችሁ ውሻ። ምግቡ ላይ ትነሰንሱለታላችሁ፣ ከሆዱ ሲወጣ የራሱን ሰገራ መራራ ያረገዋል ነው የሚሉት። እሺ ያርገው። ግን የእትዬ ውሻ መቼ የራሱን በላ? እሱ የሚበላው ጣና ዳር ለግጦሽ የሚወርዱት ከብቶች የጣሉትን እበት ነው፣ የጋሪ ፈረስ ፋንድያ ነው፣ ደንገሉ ጥግ ሰው ተጸዳድቶ የሄደውን ነው (ይቅርታ ቁርስ ላይ ያላችሁ)፣ የሰፈር ውሾች የጣሉትን ነው። ላሟ ዱቄቱን አልበላች! አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ደሞ ማታ ማታ ጉማሬ እየወጣ ይግጣል፣ ለጉማሬውም ፓኬጅ ግዙ ሊሉን ነው እንግዲህ። ይሄንኑ ስጠይቀው ሰውየው “ቀስ እያለ ጣዕሙን ይጠላዋል” ብሎ ዘጋኝ።

የራሱን የሚበላ ውሻ ያላችሁም ብትሆኑ ብዙ አትጓጉ። 2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እነ ቤንጃሚን ሃርት የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ያወጡት ጥናት አለ፣ ለዚህ ጉዳይ ተብለው የሚሸጡት ዱቄትና ኪኒኖች ሰራልን ያለው ሰው ከ0 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ያውም እነዛ ፋብሪካ የወጡ፣ ምን እንዳለባቸው የተጻፈባቸው ናቸው። ይሄኛው ግን በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ፣ ቀን የለው፣ አምራች የለው፣ ምን እንዳለበት የሚል አንድ ፊደል የለው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም ለውሻ ጥሩ አይደለም፣ ሲበዛበት ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርስና ደም ማነስ ያመጣበታል፣ በየቀኑ ጨምሩ እያለ የሚሸጥ ሰው ይሄን ካላወቀ ምኑን ነው የሚያውቀው?

ጋራንቲው ደሞ የባሰ ነው። አንድ ቀን ከዘለላችሁ ይሰረዛል፣ ውሻው ሌላ ነገር ከቀመሰ ይሰረዛል፣ ደረሰኝ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ብሩ በቅድሚያ በቴሌብር። እንግዲህ ሌላ ነገር እየቀመሰ ስላስቸገረ አይደል መጀመሪያ የተገዛው።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን መሸፈኛው ነው። ጨርቅ ነው፣ አፉን ጥርቅም አርጎ ይዘጋዋል። ውሻ ሲሞቀው የሚበርደው አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ነው፣ በሚያዝያ የባህርዳር ፀሐይ አፉን አስራችሁ የሀይቁን ዳር ብታስሮጡት በሙቀት ሊሞትባችሁ ይችላል። መሸፈኛ ከፈለጋችሁ እንደ ቅርጫት ክፍት ክፍት ያለ፣ አፉን ከፍቶ ውሃ የሚጠጣበት አይነት ነው የሚያስፈልገው። እሱም ቢሆን አፍንጫውን እበቱ ላይ ከመለጠፍ አያግደውም፣ ቤት ስትገቡ ማጠብ አለባችሁ።

በዛ ብር ምን ይደረግ ነበር? መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። የእትዬ ውሻ ሰገራው ሲመረመር ትል ተገኘበት፣ የበላው ነገር ለትሉ እየሆነ ውሻው ይራባል፣ ሲራብ ደሞ ያገኘውን ይበላል። መድኃኒቱ የዱቄቱን ሩብ እንኳን አያወጣም። አሁን ትል ባይኖርበትም ሰገራ የሚበላ ውሻ በቀላሉ ስለሚይዘው የትል መድኃኒት በየጊዜው ማስወሰድ ነው፣ በዛውም ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የውሻ ተቅማጥ በሽታ በሰገራ ስለሚተላለፍ ክትባቱን አስጨርሱለት፣ ቡችላ ከሆነ በተለይ።

ከዛ ገመድ። ለቃችሁት እየበላ “ተው!” ብሎ መጮህና መሮጥ ዋጋ የለውም፣ ሊቀሙኝ ነው ብሎ እያየ ይበልጥ ቶሎ ነው የሚውጠው። ቤት ውስጥ ጀምሩ፣ እንጀራ ቁራሽ በእጃችሁ ሸፍኑና “ተወው” በሉ፣ ልሶ ልሶ ሰልችቶት ፊቱን ሲያዞር ከሌላኛው እጃችሁ የተሻለ ጉርሻ ስጡት። ሉካንዳ ሄዳችሁ ሳንባ ገዝታችሁ ቀቅሉና ከትፉ፣ ርካሽ ነው ውሻም ያብድለታል። ግን ሳይቀቀል እንዳትሰጡ! የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ የምታዩት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትል ይሆንበታል፣ ከውሻው ደሞ ወደ ሰው ይሻገራል። ቤት ውስጥ ሲለምደው ግቢ፣ ከዛ መንገድ፣ በአጭር ገመድ፣ እበቱን አይቶ ወደናንተ ሲዞር ወዲያው ማጉረስ ነው። ውሸት አልነግራችሁም፣ ይሄም ተአምር አይደለም፣ እዛው ጥናት ላይ በ“ተወው” ብቻ ተሳካልን ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ከብት የሚውልበት ቦታ ገመዱን አትልቀቁ። ግቢ ውስጥ የጣለውን ደሞ ትኩስ እያለ አንሱት፣ ውሾች የሚወዱት ከ2 ቀን ያልበለጠውን ነው።

ከፍላችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ቻቱን አታጥፉት፣ የቴሌብሩን መልእክትና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ይዛችሁ ንግድ መምሪያ አመልክቱ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፣ ያለምንም ጽሁፍ በላስቲክ የተሸጠ ነገር ደሞ ለሻጩ ለክርክር እንኳን አይመቸውም። የተረፈውን ዱቄት ሳትጥሉ ከነላስቲኩ ያዙት።