ኤሪማ ወይስ ኤፒሲ? የቆዳ ካንሰር ሞትን ለመተንበይ የቱ ይሻላል

ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሰጪ ሴሎች የሚነሳው ካንሰር) ያልሆነው የቆዳ ካንሰር ወደፊት ስንት ሰው እንደሚገድል ለመገመት ከሚሠራባቸው የስታቲስቲክስ ሞዴሎች ሁለቱን፣ ኤሪማን (ARIMA) እና ኤፒሲን (APC)፣ ላወዳድር። አውስትራሊያን እንውሰድ፣ ፀሐዩ ነጭ ቆዳ ላይ ምህረት የለውም።

ኤሪማ ቀላል ነው፣ ያለፉትን ዓመታት የሞት መጠን በተርታ ትሰጠዋለህ እሱ አካሄዱን አይቶ ይቀጥላል፣ በቃ። ለ3 ለ5 ዓመት አሪፍ ነው። ችግሩ ማን እንደሞተ አያውቅም፣ የ85 ዓመት ሽማግሌውም የ50 ዓመት ጎልማሳውም ለሱ አንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

ኤፒሲ ግን ዕድሜን፣ ዘመኑን (ሞቱ የተመዘገበበትን ዓመት) እና የትውልድ ዓመትን ለየብቻ ነው የሚያየው፣ ለዚህ በሽታ ደሞ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው ምክንያቱም የፀሐይ ጉዳት ከልጅነት ጀምሮ ተጠራቅሞ በአብዛኛው በእርጅና ነው የሚገለው። በፈረንጆቹ 1940 የተወለደው አውስትራሊያዊ ልጅነቱን ያለ ደህና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው ያሳለፈው፣ የ1985ቱ ግን በ1981 የተጀመረው ሸሚዝ ልበሱ፣ ክሬም ተቀቡ፣ ኮፍያ አድርጉ የሚለው ዘመቻ ውስጥ ነው ያደገው። ኤሪማ ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ኤፒሲም ጣጣ አለው። ከዘመኑ ላይ ዕድሜን ስትቀንስ የትውልድ ዓመቱ ስለሚመጣ ሦስቱን ሙሉ በሙሉ መነጠል አይቻልም፣ የሆነ ግምት ማስገባት ግድ ነው። ወጣቶቹ ጋ ደሞ ሞቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ቤይዢያን የሚባለው የኤፒሲ ዓይነት (አስቀድሞ የተያዘ ግምትን ከመረጃው ጋር የሚያዋህደው) ውዥቀቱን ትንሽ ያለዝበዋል።

ከ5 ዓመት በላይ ከሆነ እኔ ኤፒሲ ነኝ። ግን የሞት ሰርተፊኬቱ ላይ የአፍ ወይ የጉሮሮ ካንሰር በስህተት በቆዳ ካንሰሩ የሞት መመዝገቢያ ኮድ፣ በሲ44 (C44)፣ ከገባ ሁለቱም ያው ይሳሳታሉ።