ለልጄ ዓይን የደረሰችለት ነርስ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወላጆች

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን ልጽፍ ስል ሳምንት ሆነኝ ዛሬ ልጁ ሲተኛልኝ ቁጭ አልኩ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው ሴፕቴምበር ላይ ሄድ ስታርት (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች መንግሥት የሚደግፈው ነፃ መዋዕለ ሕፃናት) ገባ። እዛ አንዲት አበሻ ነርስ አለች፣ ስሜን አትጻፊ ብላ አስምላኝ ነው እንጂ ከላይ በትልቁ ነበር የምጽፈው።

ከዛ በፊት የሚታይበት ክሊኒክ ዓይኑን ሊያዩት ሞክረው ነበር ግን አንዱን ሲሸፍኑት እያለቀሰ እምቢ አላቸው፣ "አልተባበረም" ተብሎ ተጻፈና ለሚቀጥለው ዓመት ቼክአፕ ተባልን። እኔም ልጅ አይደል ብዬ ተውኩት። ዓይኑ አይንሸዋረር፣ ቲቪ አይጠጋ፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀች ፍርፋሪ ሳትቀር የሚለቅም ልጅ ነው፣ ምን ብዬ ልጠርጥር?

ሄድ ስታርት ግን ልጅ በገባ በ45 ቀን ውስጥ ዓይንና ጆሮው መታየት አለበት። እቺ እህታችን የመጀመሪያ ቀን አልሆን ሲላት አልተወችውም፣ ሌላ ቀን እኔንም ጠራችኝ። ፊደል ስለማይለይ የፖም፣ የቤት፣ የክብና የካሬ ስዕል ነው የምታሳየው፣ መጀመሪያ አጠገቧ አስቀምጣ "ይሄስ ምንድነው የኔ ጌታ" እያለች በአማርኛ አለማመደችውና ከዛ ነው ራቅ ብላ የቆመችው። ግራውን ሸፍና ስትጠይቀው ፖም፣ ቤት እያለ ደስ ብሎት መለሰ። ቀኙን ስትሸፍን ግን መሸፈኛውን ገፋ፣ አንገቱን አጣሞ በጎን ሊያጮልቅ ሞከረ፣ ከዛ ለቅሶ። "አትረብሽ እንጂ" ስለው እጄን ያዝ አድርጋ "አትቆጪው፣ የሚያይበትን ዓይን ሸፍኜበት ነው" አለችኝ። ክው ነው ያልኩት።

በዛው ቀን ሪፈራል ጻፈች፣ የልጆች ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ እስክናገኝ ራሷ ስትደውል ነበር። ሐኪሙ ጠብታ አድርጎ ሲያየው የግራው የመነጽር ቁጥር ከቀኙ በጣም ይለያል፣ አንጎሉ ጥርት ያለውን ብቻ እየተቀበለ ግራውን ትቶታል፣ ሰነፍ ዓይን የሚሉት ነው። ሁለቱም ዓይኖች ቀጥ ብለው ስለሚታዩ ቤት ውስጥ የሚያውቀው የለም፣ ልጁ 7 ዓመት ሳይሞላው ሲገኝ ነው ደግሞ በደንብ የሚመለሰው። አሁን መነጽር ያደርጋል፣ ደህናው ዓይኑ በቀን 2 ሰዓት በፓች (ዓይን ላይ በሚለጠፍ መሸፈኛ) ይሸፈናል። 2 ሰዓት ይበቃዋል ወይ ብዬ ሐኪሙን ጨቀጨቅኩት፣ እሱ ላለበት ደረጃ 6 ሰዓት ከመሸፈን እንደማያንስ በጥናት ታይቷል አለኝ።

ብር ፈርታችሁ እንዳትተዉት፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያላቸው ልጆች እስከ 21 ዓመት ምርመራውም መነጽሩም ይሸፈንላቸዋል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ቢያንስ አንዴ ዓይኑ መታየት አለበት። "አልተባበረም" ከተባላችሁ ደግሞ አለፈ ማለት አይደለም፣ ዓመት ሳትጠብቁ ድጋሚ አሳዩ፣ የትኛው ዓይን ሲሸፈን እንደሚያለቅስም ልብ በሉ እባካችሁ።

እህቴ እንደምታነቢው አውቃለሁ፣ ትላንት ፓቹን አድርጎ በግራ ዓይኑ ብቻ ዶቃ በክር ሲሰካ ነበር፣ ቪዲዮውን ልኬልሻለሁ። እግዚአብሔር ልጆችሽን ይባርክልሽ።

ጥያቄ ያላችሁ ኢንቦክስ በሉኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።