የአውቶካድ ዳይናሚክ ብሎክ፦ ብዙ ይሠራል፣ ሲበላሽ ግን አይናገርም

አውቶካድ የተባለው የኮምፒውተር ንድፍ መሣያ ፕሮግራም ዳይናሚክ ብሎክን፣ ማለትም በሥዕሉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ልኩና ቅርጹ ሊለወጥ የሚችል ዝግጁ የሥዕል ምልክትን (ብሎክን)፣ ይዞ የመጣው በ2006 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የ70፣ የ80 እና የ90 ሴንቲ ሜትር በር የሚያስፈልገው ድራፍትስማን ሦስት ብሎክ ሠርቶ ማስቀመጥ ነበረበት፤ በሩ በግራም በቀኝም የሚከፈት ከሆነ ሦስቱ ስድስት ይሆናሉ። አሁን እነዚህ ሁሉ በአንድ ብሎክ ተጠቃልለው፣ አንዷን ግሪፕ (ብሎኩ ሲመረጥ የምትታይ መያዣ ነጥብ) በመጎተት ስፋቱን፣ ሌላዋን በመጫን የመክፈቻውን አቅጣጫ መለወጥ ይቻላል። ይህን መሣሪያ ለብዙ ጊዜ ስለተጠቀምሁበት በጥቅሙ ላይ የምለው አጭር ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ዳይናሚክ ብሎክ ጊዜ ይቆጥባል፣ የፋይሉንም የብሎክ ዝርዝር ያሳጥራል። ረዘም ያለው ነገሬ ስለ ብልሽቱ ነው፤ ምክንያቱም ብሎኩ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ አንዳችም መልእክት ሳያሳይ የተሳሳተ ሥዕል ሰጥቶ ዝም ይላል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ብሎኩ የሚዘጋጀው በብሎክ ኤዲተር ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ርዝመትን፣ ማዕዘንን ወይም ነጥብን የሚይዝ ፓራሜትር ይቀመጣል፤ ቀጥሎም ያ ልክ ሲለወጥ የትኛው መስመር እንደሚንቀሳቀስ፣ እንደሚሳብ ወይም እንደሚዞር የሚወስን አክሽን ይሰጠዋል። አክሽን ያልተሰጠው ፓራሜትር አጠገቡ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያወጣል። ምልክቱ ጠቃሚ ቢሆንም የሚናገረው አክሽን አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ያለው አክሽን ስሕተት ቢሆን ምልክቱ ይጠፋል፣ ስሕተቱ ግን ይቀራል። በ2010 እትም የተጨመረው የብሎክ መሞከሪያ መስኮት እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ቀድሞ እያንዳንዱን ለውጥ ለማየት አስቀምጦ መውጣት፣ ጎትቶ መሞከርና እንደገና መመለስ ያስፈልግ ነበር። መስኮቱ ግን ብሎኩ መበላሸቱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደተበላሸ አይነግርም፤ ምክንያቱን መፈለጉ ለተጠቃሚው የተተወ ነው።

ከአክሽኖቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው ስትሬች (መሳቢያው) ነው። ይህ አክሽን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠይቃል፤ አንደኛው በሥዕሉ ላይ የሚዘረጋ ባለ አራት ማዕዘን ፍሬም ሲሆን፣ ሁለተኛው አክሽኑ የሚመለከታቸው ኦብጀክቶች (መስመር፣ ክብ፣ ጽሑፍና የመሳሰሉት የሥዕሉ ክፍሎች) ምርጫ ነው። ጀማሪዎች ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያዩአቸዋል፤ በፍሬሙ ውስጥ የገባ ሁሉ በራሱ የተመረጠ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን እንዲህ ነው፦ ተመርጦ ሙሉ በሙሉ በፍሬሙ ውስጥ ያለ ኦብጀክት ይንቀሳቀሳል፤ ተመርጦ ፍሬሙን የሚያቋርጥ ይሳባል፤ በፍሬሙ ውስጥ ሆኖ ያልተመረጠ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይህን ሕግ የያዘ ሰው ምርመራውን ከምልክቱ መጀመር ይችላል። መስመሩ መሳብ ሲገባው ሙሉ በሙሉ ከተንቀሳቀሰ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጫፎቹ በፍሬሙ ውስጥ ናቸውና ፍሬሙን ማጥበብ ነው፤ ምንም ካልሆነ ደግሞ ከምርጫው ቀርቷል ማለት ነው። ክብ፣ ጽሑፍና በውስጥ የተቀመጠ ሌላ ብሎክ ከመነሻው የማይሳቡ ስለሆኑ እነርሱን ለመሳብ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ይህን የምጽፈው እኔም ስለተቃጠልሁበት ነው። አንድ ጊዜ ሠርቼ ባስቀመጥሁት የበር ብሎክ ላይ፣ ከወራት በኋላ የእጀታ ምልክት ጨመርሁና ሳልሞክረው አስቀመጥሁት። በሩ በተሰፋበት ቦታ ሁሉ እጀታው በቀድሞው ልክ ቀርቶ በበሩ መካከል ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ ያወቅሁትም ፕላኑ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዘግይቶ የተጨመረ ኦብጀክት ቀድሞ በተሠራ አክሽን ምርጫ ውስጥ በራሱ አይገባምና። መፍትሔው አክሽኑን ሰርዞ እንደ አዲስ መሥራት አይደለም፤ በአክሽኑ ምልክት ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ የምርጫውን ዝርዝር ማሻሻያ መክፈትና የጎደለውን መጨመር ይበቃል። ይህ ትእዛዝ ከሚገባው በላይ ተደብቆ መቀመጡን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ችግር ወደ ኋላ የምትቀር ግሪፕ ናት። ጠረጴዛው ይረዝማል፣ በጫፉ ላይ የነበረችው የመገልበጫ ቀስት ግን በባዶ ቦታ ላይ ቆማ ትታያለች። ፓራሜትር ራሱ እንደ ማንኛውም መስመር በስትሬቹ ምርጫ ውስጥ መግባት እንዳለበት ያልተገነዘበ ሰው ይህን እንደ ፕሮግራም ስሕተት ይቆጥረዋል። አንዱ ፓራሜትር ሲንቀሳቀስ የሌላው አክሽን አብሮ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ፣ በሁለተኛው ፓራሜትር ባሕርያት ውስጥ አክሽኖችን የሚያያይዘውን ምርጫ «አዎ» ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሳይነካ ሲቀር «አይ» ነውና።

ቪዚቢሊቲ፣ ማለትም በብሎኩ ውስጥ ካሉት እይታዎች አንዱን አሳይቶ ሌላውን የሚደብቀው ፓራሜትር፣ ለተጠቃሚው እጅግ ምቹ፣ ለሠሪው ግን ወጥመድ ያለበት ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ የቪዚቢሊቲ ፓራሜትር ብቻ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ የወንበሩን ዓይነትና የአቀማመጡን እይታ ለየብቻ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ለማዋሃድ ይገደዳል፣ ዝርዝሩም በፍጥነት ይረዝማል። ወጥመዱ ግን ሌላ ነው። አንዱ እይታ ተከፍቶ ሳለ የስትሬች ምርጫ ሲደረግ፣ በዚያ እይታ የተደበቁት ኦብጀክቶች ስለማይታዩ ከምርጫው ይቀራሉ፤ ብሎኩም በአንዱ እይታ ደህና ሆኖ በሌላው ይሰበራል። ቢቪሞድ የተባለውን የቅንብር ተለዋዋጭ 1 ማድረግ የተደበቁትን አደብዝዞ ያሳያልና ምርጫውን በዚያ ሁኔታ ማድረግ ይሻላል። በእኔ ግምት ይህ በኤዲተሩ ውስጥ ከመነሻው በርቶ መገኘት ነበረበት።

የሉካፕ ሠንጠረዥ በአንጻሩ ራሱን የመፈተሽ ብልሃት አለው። ሠንጠረዡ ልኮችን ከስም ጋር ያያይዛል፤ ለምሳሌ አንድን የመስኮት ዓይነት ሲመርጡ ስፋቱና ቁመቱ አብረው ይመጣሉ። ከዝርዝሩ ላይ መምረጥ እንዲቻል ግን የተገላቢጦሽ ፍለጋው (ከስሙ ተነስቶ ልኩን ማምጣቱ) መፈቀድ አለበት፤ ለዚህም እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የተለየ ልክ ሊኖረው ይገባል። የመፈተሻውን ቁልፍ ሲጫኑ የተደጋገሙትን ረድፎች ይጠቁማል፤ ሌሎቹም ክፍሎች እንዲህ ቢሆኑ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር። ተጠቃሚው በሠንጠረዡ የሌለ ልክ ከጎተተ «ከስተም» የሚል ቃል ይወጣል። ይህን ለማስቀረት የርዝመት ፓራሜትሩ በነጻ እንዳይጎተት፣ ከተወሰኑ ልኮች ዝርዝር ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ግሪፖቹ ጭራሽ የማይታዩ ከሆነ ብሎኩን ከመውቀስ በፊት ቅንብሩን ማየት ይገባል። ግሪፕስ የተባለው ተለዋዋጭ 0 ከሆነ ግሪፕ አይወጣም፤ የተመረጡት ኦብጀክቶች ቁጥር ከተወሰነው ገደብ ካለፈም አይወጣም፣ ገደቡም ካልተለወጠ በስተቀር 100 ነው።

አትሪቢዩት (ከብሎኩ ጋር የተያያዘ፣ በየቅጂው የሚሞላ ጽሑፍ) ያለበት ብሎክ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጽሑፉ ከብሎኩ ጋር እንዲንቀሳቀስ በአክሽን ምርጫ ውስጥ መግባት አለበት፤ እንዲገባ ደግሞ አስቀድሞ ቦታው የተቆለፈ መሆን አለበት። ከእርማት በኋላ የተጨመረ አትሪቢዩት ቀድሞ በሥዕሉ ላይ በተቀመጡት ብሎኮች ላይ አይታይም፤ አትሲንክ የተባለው ትእዛዝ ያመጣዋል፣ ነገር ግን በእጅ ቦታቸው የተስተካከሉትን ጽሑፎች ወደ መነሻቸው ስለሚመልስ ብዙ የተደከመበት ፋይል ላይ ሳያስቡ መጫን አይገባም።

በ2010 እትም የመጣው ሌላው መንገድ፣ ማለትም በኮንስትሬይንት (የመስመሮችን ልክና እርስ በርስ አቀማመጥ በሚያስር ገደብ) እና በብሎክ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ልኮቹ እርስ በርሳቸው ለሚደጋገፉ እንደ ብረት ግንኙነት ላሉ ዝርዝር ሥዕሎች ከአክሽን ይልቅ ይስማማኛል። እዚህ የሚያጋጥመው ዋና ብልሽት ልክ ሲለወጥ ሥዕሉ ባልታሰበ አቅጣጫ መንሸራተቱ ነው፤ ምክንያቱም አንዳች ነጥብ በቦታው አልተቸከለም። የኮንስትሬይንቱን ሁኔታ በቀለም የሚያሳየው ቁልፍ የትኛው መስመር ገና ልቅ እንደሆነ ስለሚለይ፣ ከአክሽኑ ዓለም ይልቅ ምርመራው እዚህ ቀሎ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱን ስልቶች በአንድ መስመር ላይ ማደባለቅ ግን ምክንያቱ ለማይለይ ስብራት መጋበዝ ነው።

ብሎክ ለሚቆጥሩና በሊስፕ (በአውቶካድ ውስጥ የራስን ትእዛዝ ለመጻፍ በሚያገለግል የፕሮግራም ቋንቋ) ለሚሠሩም አንድ ነገር ልጨምር። ልኩ የተለወጠ ዳይናሚክ ብሎክ ከውስጥ በኮከብና በዩ ፊደል የሚጀምር ስም ይሰጠዋል፤ ስለዚህ በስም የሚፈልግ አሮጌ ሊስፕ ከፊሉን ሳይቆጥር ያልፋል። ኢፌክቲቭ ኔም የተባለውን ባሕርይ እንዲያነብ ማስተካከል ችግሩን ይፈታል። ለዚህ ሲሉ ሪሴትብሎክ የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም ግን ብሎኩን ወደ መነሻ ልኩ ስለሚመልሰው አይመከርም።

ተመሳሳይ በርና መስኮት ዕለት ዕለት ለሚስል ሰው ይህን መሣሪያ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያስፈልግ ምልክት ካለዎት ግን ተራ ብሎክ ይበቃዎታል። አምስትና ስድስት ፓራሜትር ያሉትን ብሎክ ለማረም ሲነሡም አስቀድመው በደብልዩብሎክ ትእዛዝ ወደ ራሱ ፋይል አውጥተው ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሲሞክሩትም በመነሻ ልኩ ብቻ ሳይሆን በትንሹና በትልቁ ልክ፣ በእያንዳንዱም እይታ ይጎትቱት።