ሦስት መንከሻና አንድ እርጥብ ጨርቅ

ልጄ ስድስት ወር እንደሞላት ለሃጯ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይፈስ ጀመር። ጣቴን ትነክሳለች፣ ትከሻዬን ትነክሳለች፣ አንድ ቀን አገጬን ያዘችኝ። ጥርስ የላትም፣ ግን ያማል! የታችኛው ድዷ መሐሉ ላይ ቀላ ብሎ አብጧል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች የሚወጡት እዚያ ነው። እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ ባጣንበት ሳምንት ሦስት መንከሻ፣ ማለትም ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን የሚያኝከው መጫወቻ፣ ገዛን።

አንደኛው ውስጡ ውሃ ያለው ቀለበት ነው። ማሸጊያው ላይ «ፍሪጅ ውስጥ ብቻ» ይላል። እኔ ደግሞ በሌሊት፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ወረወርኩት። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ወጣ። አፏ ውስጥ ስታስገባው የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም። በረዶ የሆነ ነገር ያበጠ ድድ ይጎዳል፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። በዘጠነኛው ቀን መጋጠሚያው ተከፍቶ ደረቷ ላይ የፈሰሰው ግን የኔ ጥፋት አይደለም። ወዲያው ጣልኩት።

ሁለተኛው የዝሆን ቅርጽ ያለው፣ ከሲሊኮን (እንደ ጎማ ከሚለጠጥ ነገር) የተሠራ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ለፎቶ ይሆናል። ወፍራም ስለሆነ ግን እጇ አይጨብጠውም፤ ያበጠው ቦታም አይደርስላትም።

ሦስተኛው አንድ ወጥ የሲሊኮን ቀለበት፣ ምንም ጌጥ የለውም። ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ጉብጉብ ያለ ነው። ቀጭን ስለሆነ ራሷ ትይዘዋለች። ቀዳዳ ስለሌለው ውስጡ ሻጋታ አይዝም፤ ፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ አወጣዋለሁ። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ወለል ላይ በወደቀ ቁጥር የቤቱን ፀጉር ሁሉ ለብሶ ስለሚነሳ ነው። የሚወድቀው ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ነው! በክር አንገቷ ላይ ላንጠልጥለው ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ክር አንገት ያንቃል። ለጥርስ ተብለው የሚሸጡት የዶቃ ሐብሎችም ያው ናቸው፤ ዶቃው ከተበጠሰ ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

እህቴ በመሐል «ይሄን ቀቢያት፣ ያደነዝዝላታል» ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ጀርባውን ሳነብ ቤንዞኬይን የሚባል ማደንዘዣ አለበት ይላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ይሄ ነገር ያለባቸው የሕፃን ጥርስ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ ጠይቋል። ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ በድንገት እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። ሲቀቡትም ቶሎ በለሃጭ ታጥቦ ይሄዳል። ለእህቴ መለስኩላት፤ ትንሽ ተቀየመችኝ።

አንድ ሌሊት ሙቀቷ 38.6 ሆነ። ያየን ሁሉ «ጥርስ ነው» አለን። እኔም አምኜ ላድር ነበር። ባለቤቴ ነው እምቢ ያለው። ሐኪሟ ጆሮዋን አይታ ኢንፌክሽን አገኘች። ጥርስ ሰውነት ትንሽ ሊያሞቅ ይችላል፤ 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል አለችን። ተቅማጥም እንደዚሁ።

አሸናፊው ግን ከሱቅ አልመጣም። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በውሃ አርሼ፣ ጫፉን ቋጥሬ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆየዋለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰጣታለሁ። ቋጠሮውን ስታኝክ ዝም ትላለች፤ እኔም እፎይ እላለሁ። ጨርቁ ሲሞቅ ታጥቦ ሌላ ይተካል። ጨርቅ በማይኖርበት ጊዜ እጄን ታጥቤ ድዷን በጣቴ ቀስ አድርጌ አሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳበላት ማንኪያው «ቂው» አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ነጭ ጫፍ! ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች አንዱ። አሥራ ዘጠኝ ይቀሩናል። ባለቤቴ ግን አሁንም ፍሪጁን በከፈተ ቁጥር «ይሄን እርጥብ ጨርቅ ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ይላል።