በእረፍት ጊዜ የቤተሰብን አሮጌ ዴስክቶፕ ማደስ፦ የትኛው አገልግሎት ያዋጣል?

ለጥቂት ሳምንት አገር ቤት የገባ ሰው የቤተሰቡ ኮምፒውተር ሲከፈት የሚያሰማውን ጉርምርምታ ሰምቶ "ሌላ ይገዛ" ለማለት ይቸኩላል። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ የሚጮኸውም የሚንቀራፈፈውም ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዕቃዎች ጥፋት ነው፤ እነሱን መቀየር ደግሞ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። በዚህ ጉዞ አራት አገልግሎት ተጠቅመናል፦ የመለዋወጫ መደብር፣ የጽዳትና የጥገና ጠረጴዛ፣ ዳታ ማዛወር እና ዊንዶውስ ማስጫን። ማሽኑ ኮር አይ5-4570 ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ)፣ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ መደብሩ ጥሩ፣ ጽዳቱ አጠገቡ ከቆሙ ጥሩ፣ ዳታ ማዛወሩ ቤት ቢሠራ የሚሻል፣ ዊንዶውስ ጫኙ ደግሞ ገንዘብ ሳይከፈልበት ቢቀር የሚሻል ነው።

ማንኛውም ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል። ካልተለየ ባለሙያው የሚቀይረው የሚጮኸውን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ነው። የኬዙን ክዳን ከፍቶ ማሽኑ እየሠራ ጣትን በፋኑ እምብርት ላይ፣ ክንፉን ሳይነኩ፣ ቀስ አድርጎ በማሳረፍ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ማቆም ይቻላል። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ያ ፋን ነው። የፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሣጥን) ፋን ውስጥ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይሞከርም፤ ጆሮን ወደ ኋላው አስጠግቶ ማዳመጥ ይበቃል። ኬዙን በመዳፍ ሲጫኑት ድምፁ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የሃርድ ዲስኩ ንዝረት ወደ ቆርቆሮው እየተላለፈ ነው ማለት ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ "ፋኑ ነው" የሚለው ይኸንን ነው።

አንድ ስሌት መያዝ ይጠቅማል። ፋን በደቂቃ ከ1,500 ዙር ወደ 1,000 ቢወርድ ጩኸቱ በ9 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። እኩል ከሚጮኹ ሁለት ፋኖች አንዱን ነቅሎ መጣል ግን የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ጸጥታ የሚገኘው ፋን በመንቀል ሳይሆን ሙቀቱን ቀንሶ ፋኑ ዝግ ብሎ እንዲዞር በማድረግ ነው። ቀሪው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ወደ መደብሩ እንሂድ። እዚያ የሚገዛው ሁለት ዕቃ ነው፦ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው፣ የሚዞር ክፍል የሌለው ዲስክ) እና ራም። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንች የሳታ (በተለመደው የሃርድ ዲስክ ገመድ የሚሰካው) ዓይነት ይሁን፤ 240 ወይም 480 ጊጋባይት ለቤት ሥራ በቂ ነው። በ6 ጊጋቢት ሳታ ፖርት ላይ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነብባል፣ በ3 ጊጋቢቱ ላይ ግማሹን ያህል። ኤች81 ቺፕሴት (መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ሁለት ፈጣንና ሁለት ዘገምተኛ ፖርት አለው፤ ቢ85 አራት ፈጣንና ሁለት ዘገምተኛ። የማዘርቦርዱን ጽሑፍ ሳያዩ ባገኙት ፖርት መሰካት የተለመደ ስህተት ነው። ዘገምተኛው ላይ ቢሰካም ግን ማሽኑ ከሃርድ ዲስክ ዘመኑ ጋር አይወዳደርም፤ ፍጥነቱ የሚሰማው በዋናነት ትንንሽ ፋይሎችን ሳይጠብቅ በማንበቡ ነውና። ከሁሉ በላይ ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው አይጮኽም፣ አይነዝርም። ማሰሪያ ብረት ባይገኝለት በባለሁለት ገጽ ማጣበቂያ ኬዙ ውስጥ ቢለጠፍ ምንም አይሆንም።

ራም ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዲዲአር3 240 ፒን፣ ዲዲአር4 288 ፒን ነው፤ ጥርሱ የሚገባበት ቦታም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ችግር የሚመጣው ከሚገባው ነው። ያገለገለ መለዋወጫ ሻጮች ዘንድ የሰርቨር ራም ብዙ ይገኛል፤ ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ልኩ ቢመሳሰልም ተራ ዴስክቶፕ አያስነሳም። ሌላው ወጥመድ በርካሽ የሚሸጠው "ለኤኤምዲ (የኢንቴል ተፎካካሪ ፕሮሰሰር) ብቻ" የተሠራ ዲዲአር3 ነው፤ ኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል ወይም ማሽኑ እየጮኸ ያስጠነቅቃል። ሁለት ተመሳሳይ ባለ 4 ጊጋባይት ራሞች ከአንድ ባለ 8 ይመረጣሉ፤ ማዘርቦርዱ በሁለት ቻናል ስለሚያነብባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው ቀዳዳዎች ላይ ይሰካሉ።

መደብሩን ጥሩ ያልነው ስላስሞከረ ነው። ከመክፈል በፊት ኤስኤስዲው ማሽን ላይ ተሰክቶ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤናው፣ የሠራበት ሰዓትና የተጻፈበት ዳታ መጠን ይታያል። አዲስ ነው ተብሎ ብዙ ሺህ ሰዓት ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው። መጠኑ የውሸት የሆነ ዕቃም አለ፦ 480 ብሎ ተጽፎበት እውነተኛው ከዚያ በጣም ያነሰ፣ ከሞላ በኋላ የቀደመውን ፋይል የሚደመስስ። ይኸን የሚያጋልጠው ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነብባል። ሰዓት ስለሚወስድ መደብር ላይ አይሠራም፤ ቤት በገቡ በዚያው ምሽት ይሠራ። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ መግዛት ግን ለማንም አንመክርም። ከውጭ ይዞ መምጣት ካለም ቀላሉ ኤስኤስዲ፣ ራም እና ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚገባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ነው። ፓወር ሰፕላይ ለማምጣት የሚያስብ፣ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማቀያየሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቅ፤ 115 ላይ ተቀምጦ ከ230 ቮልት ጋር ከተገናኘ በቅጽበት ይፈነዳል።

ጽዳቱ ከአራቱ አገልግሎቶች ብዙ የሚባልበት ነው፤ ብዙ የሚጠቅምም ብዙ የሚበላሽበትም እዚያ ነውና። ባለሙያው ኮምፕሬሰር ሲያነሳ መጀመሪያ የሚታየው ፋኑ በአየሩ ኃይል እያፏጨ መዞሩ ነው። ይህ መቆም አለበት። በዚያ ፍጥነት የዞረ ፋን ቤሪንጉ (ኩሽኔታው) ይጎዳል፤ ንጹሕ ሆኖ ከበፊቱ የባሰ የሚጮኽ ፋን የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ይዞ መንፋት ብቻ ይበቃል። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለም ቀድሞ ባዶ ላይ ይነፋ።

ከዚያ ቴርማል ፔስት ይመጣል። የደረቀው በአይሶፕሮፒል አልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ሥራ አይደለም። በፕሮሰሰሩ መካከል የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ታርፋለች፣ የሚዘረጋት የማቀዝቀዣው ክብደት ነው። እንደ ቅቤ መቀባት ሙቀት አይቀንስም፤ የተረፈው ወደ ሶኬቱ ይፈሳል። የኤኤምዲ ማሽን ከሆነ ማቀዝቀዣው ከመነሳቱ በፊት ኮምፒውተሩ ትንሽ ሠርቶ ይሙቅ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ ተደርጎ ይላቀቅ፤ ቀዝቃዛውን በጉልበት የሚስብ ሰው ፕሮሰሰሩን ከነሶኬቱ መቆለፊያ ነቅሎ ፒኖቹን ያጣምማል።

የኢንቴል ማቀዝቀዣ በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው የሚያዘው። ወደ ቦታው ሲመለስ እግሮቹ በሰያፍ፣ አንዱ ከዚህ ማዕዘን ቀጣዩ ከትይዩው፣ ቀጭ እስኪሉ ይጫናሉ። ከአራቱ አንዱ ሳይገባ መቅረቱ በጥገና ጠረጴዛ ላይ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ በእኛም ሥራ ላይ የተገኘው እሱ ነበር። ማሽኑ ይነሳል፣ ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ወደ 100 ዲግሪ ይሮጣል፣ ፋኑም እንደ ወፍጮ ያጓራል። ማዘርቦርዱን ገልብጦ አራቱም ጥቁር ጫፎች በእኩል ወጥተው እንደሆነ ማየት ጥርጣሬውን ይቆርጣል። ስለዚህ ክፍያው ከዚህ ይያያዝ፦ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ኤችደብሊውሞኒተር በሚባለው ፕሮግራም የሙቀቱ ቁጥር ይታይ። ሙሉ ሥራ ላይ ከ80 ዲግሪ በታች ከቆየ ጽዳቱ ተሠርቷል።

የሚጮኸውን ፋን በዘይት ማከም ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ከተለጣፊው ወረቀት ሥር አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ለጊዜው ጸጥ ያደርገዋል። ጎብኚው ከሄደ በኋላ ግን ጩኸቱ ይመለሳልና መቀየሩ ይሻላል። እዚህ ላይ "ማንኛውም ባለ 12 ቮልት ፋን ይሆናል" የሚለው የጥገና ቤት መልስ ግማሽ እውነት ነው። ባለ 4 ፒን ፋን ፍጥነቱን በራሱ ሽቦ ይቆጣጠራል፤ ባለ 3 ፒኑ ግን ቮልቴጁ ካልተቀነሰለት ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። ጸጥታ ፈልጎ ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4 ፒን ቦታ ላይ የሰካ ሰው ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቶ የፋን መቆጣጠሪያውን ከፒደብሊውኤም (በሽቦው ምልክት) ወደ ዲሲ (በቮልቴጁ) ካልቀየረ ጩኸት ገዝቶ መጣ ማለት ነው፤ ሁሉም ባዮስ ደግሞ ይህ ምርጫ የለውም። የዴል ኦፕቲፕሌክስ አንዳንድ ሞዴሎች ባለ 5 ፒን ፋን ይጠቀማሉ፤ ሌላ ሲሰካ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የፋን ስህተት ብሎ ይቆማል። ኬዙ ቦታ ካለው 120 ሚሊሜትር ፋን በ700 ወይም 800 ዙር ከ80 ሚሊሜትሩ ይልቅ ብዙ አየር በጥቂት ድምፅ ያስወጣል።

ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ከሆነ የሚጮኸው ከውጭ አየር ይነፋበት፣ ካልሆነ ይቀየር። ማንም እንዳይከፍተው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል። ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱ ሶኬት ይቆጠር፦ ተራው 24 ፒን ነው፣ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን 8 ፒን፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 6 ፒን፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም93ፒ 14 ፒን ነው። ያለ አስተላላፊ ገመድ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምላቸውም።

ዳታ ማዛወር። ዲስክን እንዳለ የሚቀዳው ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ብዙ የኤስኤስዲ አምራቾችም የራሳቸውን ፕሮግራም ይሰጣሉ። 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ወደ 240 ኤስኤስዲ የሚገባው የተያዘው ቦታ ካነሰና ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍልፍል) ቀድሞ ከጠበበ ነው። ከዚያ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ተነቅሎ ማሽኑ በኤስኤስዲው ብቻ መነሳቱ ይረጋገጥ፤ ሁለቱ አብረው ተሰክተው የሚነሳ ማሽን ከየትኛው እንደተነሳ አይታወቅም። ክፍያ ወስዶ የሚሠራው ቤት የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ እጁ ያስገባል፣ አሮጌውን ዲስክም "ላጽዳልህ" ብሎ ፎርማት ያደርጋል። ሁለቱም አያስፈልጉም። አሮጌው ዲስክ ሳይነካ በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ ይግባ፤ ፎቶ ሲፈለግ ብቻ ይሰካ። ኬዙ ውስጥ ይቅር ከተባለ በጎማ ላይ ይታሰርና በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲያርፍ ይደረግ።

ዊንዶውስ ጫኙ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማሽኑ በሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ነቅቶ ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያው እትም እንደገና ሲጫን ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይነቃል፤ ፈቃድ ሰባሪ ፕሮግራም መጫን ለቫይረስ በር መክፈት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፣ ይህ ማሽን 4ኛ ትውልድ ነው። መስፈርቱን አልፎ የሚጫንበት መንገድ አለ፤ ግን ኋላ ዝመና እምቢ ሲል የሚስተካከለው ሩቅ አገር ሆኖ በስልክ ነው። ለድረ ገጽ፣ ለቪዲዮና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት በዚህ ኤስኤስዲ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

የገንዘቡ ትርፍ ወደ አይ7 ፕሮሰሰር ወይም ወደ ግራፊክስ ካርድ እንዳይሄድ። ካርድ የግድ ከሆነ ፋን የሌለው ጂቲ 1030 30 ዋት ብቻ ይበላል፤ ሜሞሪው ጂዲዲአር5 የሆነው ይመረጥ፣ ዲዲአር4 ያለው በስም አንድ ሆኖ በሥራ በጣም ያነሰ ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም የውሸት ካርድ ሲያገኝ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ከበረራው ቢያንስ አምስት ቀን በፊት ሁሉም ማለቅ አለበት፤ ዕቃ መመለስ የሚቻለው ሰውየው ሳይሄድ ነው። ራም የሚፈትነው ሜምቴስት86 ሌሊቱን በሙሉ ይሂድ፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙ ይመለስ። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ይቀየር፤ ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስና ድረ ገጾች "ደህንነቱ ያልተረጋገጠ" እያሉ አይከፈቱም፣ ቤተሰቡም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላል። ማሽኑ ሌሊት ከሶኬት ተነቅሎ አድሮ ጠዋት ይነሳ። የወጡት ዕቃዎች በካርቶን ይቀመጡ፤ ፔስቱ የተቀባበት ቀንና የትኛው ፖርት ላይ ምን እንደተሰካ ተጽፎ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ይለጠፍ፤ ቀጣዩ ባለሙያ ክዳኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።